ደም ሰጪው ሲመለስ

በከተማችን በደብረ ታቦር የደም መስጫ ቀን በተደረገ ቁጥር፣ ተሰልፈው ከሚገቡት ተማሪዎች ጥቂቶቹ ሳይሰጡ ይመለሳሉ። ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያነሰ ይሆናል፤ ሌላዋ የደም ማነስ ይገኝባታል፤ ሦስተኛው በዕረፍት ጊዜ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የነበረ ነው። ዳሩ ግን ከበር ውጭ የሚጠብቀው ወሬ ይህን ሁሉ አይለይም። «አንድ ነገር ቢገኝበት ነው» ይባልና ማታውን በየመኝታ ክፍሉ ይዳረሳል።

እኛ ደም ሰጪን የሚመርጠውን ደንብ አንቃወምም። በአገራችን የሚሰበሰበው ደም ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጉበት በሽታ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። ሆኖም በቅርብ ቀን የተያዘ ሰው በሽታው በምርመራ ላይታይ ስለሚችል፣ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት የሚሰጣትን ደም መርጣ ልትቀበል አትችልም፤ ስለ እርስዋ የሚመርጥላት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «ደሜን ካልተቀበላችሁኝ ተደፈርሁ» የሚል ክርክር ከእኛ ዘንድ ድጋፍ አያገኝም።

ታዲያ ጥፋቱ ከወዴት ይጀምራል? ከዚሁ ከአካባቢያችን በሄዱ ሰዎች ላይ የደረሰውን እንመልከት። ደብረ ታቦር በአንድ ዘመን ዋና ከተማው ሆና ከነበረችው ከቀድሞው በጌምድር፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወስደዋል። እዚያም እንደ ሌላው ዜጋ ደም ሰጡ። የደም አገልግሎቱ ግን ተቀብሎ ካሰናበታቸው በኋላ፣ ምንም ሳይነግራቸው ደሙን ይጥለው ነበር። ይህ በጥር 1988 ዓ.ም. «ማዓሪቭ» በተባለው ጋዜጣ ሲገለጥ፣ 10,000 ያህል ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ። የጤና ሹማምንቱ ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል በኤች.አይ.ቪ. የተያዙት ቁጥር ከፍ ያለ ነው ሲሉ መለሱ። ቁጥሩስ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሰውየውን ሳይጠይቁ በትውልዱ መፍረድ፣ ፈርዶም መደበቅ፣ በምን ሕክምና ይታዘዛል?

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ በጎንደር ተወልደው በሦስት ዓመታቸው እስራኤል የገቡት የፓርላማ አባል ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ በዚያው በምክር ቤቱ ደም ሊሰጡ ቢቀርቡ በትውልድ አገራቸው ምክንያት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተሻሽሏል። በአሜሪካም የሄይቲና ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ተወላጆች ደም እንዳይሰጡ የወጣው መመሪያ፣ የሄይቲ ተወላጆች በሚያዝያ 1982 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በብሩክሊን ድልድይ ላይ በብዙ ሺህ ተሰልፈው ከተቃወሙት በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላው ተሽሯል።

ይሁን እንጂ በሩቅ አገር ሹም ላይ ጣት ስንቀስር የገዛ ቤታችንን መርሳት አይገባንም። እነዚሁ ቤተ እስራኤላውያን ከእኛ ጋር ሳሉ ማረሻችንን የቀጠቀጡ፣ እንስራችንን የሠሩ ነበሩ። እኛ ማረሻውንና እንስራውን ወስደን ሰዎቹን «ቡዳ» ብለን ሸሸን። ደሙን ተቀብሎ በስውር ከደፋው ሰው ከቶ በምን እንሻላለን? ዛሬስ የተመለሰውን ጓደኛችንን በጎሪጥ የምናይበት ዓይን ያው የአያቶቻችን ዓይን አይደለምን?

ስለዚህ በሚቀጥለው የደም መስጫ ቀን የሚከተለው እንዲፈጸም እንጠይቃለን። ጥያቄው ሌላ ሰው በማይሰማበት ክፍል ይደረግ። የተመለሰው ሰው ምክንያቱንና ጊዜያዊ ከሆነም የሚመለስበትን ወቅት ከባለሙያው አፍ ይስማ። የሰጠውም ያልሰጠውም በአንድ በር ይውጣ፤ ሻዩንም በአንድነት ይጠጣ። መምህራኖቻችን ስለ ደም ምርመራ በክፍል ውስጥ ጥቂት ቢያስረዱን ወሬው መሠረቱን ያጣል። ከእኛ ከተማሪዎች የሚፈለገው ግን ከሁሉ ይቀላል፤ ከዚያ ክፍል የወጣውን ወንድማችንን ወይም እኅታችንን «ለምን ተመለስህ? ለምን ተመለስሽ?» ብለን አንጠይቅ።