«አንዷ ጨዋታ ገደለችኝ»

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ አየሁ። «ጀስት ማይ ላክ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ኖርማን ዊዝደም ጌጣጌጥ የሚሠራ ምስኪን ሠራተኛ ሆኖ ይጫወታል። በመስኮት አሻግሮ የሚያያትን ልጅ ወዷል። የአልማዝ የአንገት ጌጥ ሊገዛላት ያምረዋል፣ ደሞዙ ግን አይደርስም። ስለዚህ አንድ ፓውንድ ያስይዛል፦ ጉድውድ በሚባለው የፈረስ መሮጫ ሜዳ አንድ ጋላቢ ስድስት ውድድር ተወዳድሮ ስድስቱንም እንዲያሸንፍ።

ነገሩን እናውቀዋለን አይደል? በፈረሱ ፋንታ ፕሪሚየር ሊግን አስገቡበት፤ በቃ የእኛው የቅዳሜ ትኬት ነው።

ፊልሙ በጣም ያስቃል። ፈረሶቹ ተከታትለው ሲያሸንፉ አወራራጁ ይጨንቀዋል፣ መላ ፍለጋ ይሯሯጣል። እኔ ግን እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። እውነተኛ አወራራጅ በእኛ ትኬት ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለታናሽ እህቴ ጫማ መግዣ ያስቀመጥኩትን ብር አንድ ቅዳሜ አስይዤ ነበር። አምስቱ ገቡ፣ ስድስተኛው ቀረ። «አንዷ ገደለችኝ፣ ለጥቂት ነው!» አልኩ። በሳምንቱ ደግሜ ቆረጥኩ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። እያንዳንዱ ጨዋታ እንደ ሳንቲም ውርወራ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። ስድስቱም የመግባታቸው ዕድል ከ64 አንድ ነው። አምስት ገብቶ አንድ የመቅረቱ ዕድል ግን ከ64 ስድስት ነው። ያ «ለጥቂት» የምንለው ነገር ከማሸነፍ ስድስት እጥፍ ይደጋገማል ማለት ነው። ዕድላችን መቅረቡን አያሳይም፤ ጨዋታው ራሱ እንዲያ ነው።

በዚያ ላይ አወራራጁ ከየኦዱ የራሱን ይቀንሳል። ለምሳሌ በየጨዋታው 5 በመቶ ቢቀንስ፣ ስድስት ሲደረደር ከ100 ብራችን በአማካይ 26 ብር ተኩል ገደማ ለእሱ ይቀራል። ብዙ ጨዋታ ለደረደረ ቦነስ እጨምራለሁ የሚለን ለእኛ አዝኖ አይደለም።

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ሕጋዊ የውርርድ ሱቅ እንኳ አልነበረም፤ የተከፈቱት በ1961 ነው። እኛ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን በአውራ ጣታችን እንቆርጣለን። ሐሳብ ለመቀየር የሚሆን መንገድ እንኳ የለንም።

ፊልሙን እዩት፤ ኖርማን ይሳካለት አይሳካለት አልነግራችሁም። ግን እሱ የአንድ ትኬት ታሪክ ነው። ለቀሩት 63 ትኬቶች ፊልም አይሠራላቸውም፣ ቴሌግራም ላይም ስክሪንሾታቸው አይለጠፍም።

ቀጣዩን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባለፉት ሦስት ወራት ያስያዛችሁትንና የበላችሁትን ለየብቻ ደምሩት። እኔ ያቆምኩት ደምሬ ነው። የእህቴን ጫማ የገዛሁት ደግሞ ከደሞዜ ነው፤ ሁለት ወር ዘግይቼ።