ሲሸጥ መድኃኒት፣ ሲጠየቅ ምግብ

መቼም የሌሊት ወፍን ተረት የማያውቅ የለም። የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣባት ጥርሷን ታሳይና «እኔ እኮ አይጥ ነኝ» ትላለች። የአይጦቹ ሲመጣ ደግሞ ክንፏን ዘርግታ «ወፍ መሆኔ አይታይህም?» ብላ ትሸኘዋለች። እንዲህ እያለች ለማንም ሳትገብር ኖረች።

ይህችው የሌሊት ወፍ ሰሞኑን ባሕር ዳር ገብታ ፋሲሎ ላይ ሱቅ ከፍታለች። የምትሸጠውም ሰፕሊመንት ነው።

ነገሩን ያየነው በአንዳችን እናት ነው። የጓደኛ እናት እናት ናትና እናታችን እንበላቸው። ስኳር ከታወቀባቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ኪኒናቸውን ከምግብ ጋር ይውጣሉ፣ ቀጠሯቸውን አያሳልፉም፣ ስኳራቸውም ደህና ነበር። አንድ ቀን ከሰፈሩ ሱቅ አንድ የሚያብለጨልጭ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። ዋጋው 3,800 ብር። ሻጯ ልጅ ደግሞ እንዴት ያለች ትሁት መሰለቻችሁ! «እማዬ፣ ይሄ እኮ ከተፈጥሮ ነው። ቆሽትዎን ያድሰዋል። ያንን ኬሚካል ቀስ እያሉ ይተዉታል» አለቻቸው። እናታችን ቀስ ማለት አያውቁበትም፤ በማግስቱ ተዉት።

በሦስተኛው ሳምንት ጥማቱ መጣ፣ ሽንቱ በዛ፣ ዓይናቸው ብዥ አለ። ድንገተኛ ክፍል ስናደርሳቸው የጣት መለኪያው ቁጥር መጻፍ አቅቶት «ሃይ» አለ። ሰላምታ እንዳይመስላችሁ። ከመለካት አቅሜ በላይ ነው ማለቱ ነው። እግዜር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ጠርሙሱን ይዘን ወደ ሱቁ ተመለስን። ገልብጠን ብናየው የአስመጪ ስም የለም። የምዝገባ ቁጥር የለም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ፊደል የለም። «ማን አስመዘገበው?» አልናት። መልሷ ፈጣን ነበር፦ «ምን ያስመዘግባል? ምግብ እኮ ነው!»

አያችሁት? ለእናታችን ሲሸጥ መድኃኒት ነበር። እኛ ስንጠይቅ ምግብ ሆነ። ጥርስም ክንፍም።

እኛ ሕግ አዋቂዎች አይደለንም፤ ግን ማንበብ እንችላለን። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አለ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሌላ ስሙ ነው፤ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ያወረደው አዋጅ ማለት ነው። እሱ አዋጅ ከቢራ ሌላም ሥራ አለው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወደ ገበያ የሚገባውን መድኃኒትና የምግብ ማሟያ እንዲመዘግብ፣ እንዲፈትሽ፣ ጉዳት ያለበትን ደግሞ ከገበያ እንዲያስወግድ ሥልጣን የሚሰጠው ይኸው ሕግ ነው። ከሱ በፊት አዋጅ 661/2002 ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ 176/1991። ስለዚህ «ሕጉ አዲስ ነው፣ አልሰማንም» የሚል ሰው ሃያ ዓመት ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

ምዝገባ ሲባል ማኅተም መምታት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ እናስረዳው። አስመጪው የንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ይዞ ይመጣል። ከአምራቹ የውክልና ስምምነት ያመጣል። ምርቱ በተሠራበት አገር በነፃ እንደሚሸጥ የሚያረጋግጥ ሰነድ ያቀርባል። ፋብሪካው በጥሩ የአመራረት ሥርዓት እንደሚሠራ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ምን በምን ያህል መጠን እንዳለ፣ ላቦራቶሪ ምን እንዳገኘ፣ እስከ መቼ እንደማይበላሽ ያሳያል። የጠርሙሱ ጽሑፍ ይታያል፤ ናሙና ይቀርባል። ከዚህ ሁሉ ወረቀት ጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ነገ እናታችን ብትታመም የምንይዘው ማንን ነው? ያልተመዘገበ ጠርሙስ ማለት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ጠርሙስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀላል ነው። አንድን ነገር መድኃኒት የሚያሰኘው ጠርሙሱ ሳይሆን የሚነገርለት ነገር ነው። «ቫይታሚን ሲ ይዟል» ካልክ ምግብ ነህ፤ በምግብ መስኮት ግባ። «ስኳር ይፈውሳል፣ ኩላሊት ያጥባል፣ ካንሰር ይከላከላል» ካልክ ግን መድኃኒት ነኝ ብለሃል። እንኳን ደስ አለህ! በመድኃኒቱ መስኮት ተሰለፍና በሰው ላይ የሞከርክበትን ማስረጃ አምጣ። በሁለቱም መስኮት ሳትሰለፍ በሁለቱም ስም መሸጥ ግን የሌሊት ወፍነት ነው።

ይህን ስንል የሚመጡብንን መልሶች እናውቃቸዋለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» ይሉናል። ወንድሜ፣ አንተ የጣና ዳር ልጅ አይደለህም እንዴ? ጓያም ተፈጥሯዊ ነው! ከደምቢያና ከፎገራ ሜዳ የሚበቅል፣ ድርቅ የማይበግረው፣ ማዳበሪያ ያልነካው ጥራጥሬ ነው። በክፉ ቀን ለወራት እሱኑ ብቻ የበላ ስንቱ ጎልማሳ ነው እግሩ ሽባ ሆኖ በምርኩዝ የቀረው? አያቶቻችን ኮሶን ለክተው የሚሰጡት ተፈጥሯዊ ስላልሆነ ነበር? ተፈጥሮ እናት ናት፣ አዎ። እናትም ትቆጣለች።

ደግሞስ ተፈጥሯዊ መሆኑን ማን አየ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የወንድ ኃይል ይጨምራሉ ተብለው የሚሸጡ የማር ምርቶችን መርምሮ ለአራት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። በማሩ ውስጥ የተገኘው በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈ፣ ቪያግራና ሲያሊስ የሚሠሩበት መድኃኒት ነው። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ አባት ይህን ማር ቢልስ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የማር አገር ልጆች ነን፤ በማር ስም ሲሾፍብን ዝም እንበል?

«አሜሪካ እንኳ በነፃ ይሸጣል» ይሉናል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ ሰፕሊመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት መንግሥት ደኅንነቱንና ፈዋሽነቱን አያጸድቅም። ስለዚህ «አሜሪካ ይሸጣል» ማለት «አሜሪካ መርምራ አጽድቃዋለች» ማለት አይደለም። ሰውነት ይደግፋል የሚል ምርት ደግሞ «ይህ አባባል በመንግሥት አልተገመገመም፤ ምርቱ በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ እንዲለጥፍ ይገደዳል። ከዘመድ ሻንጣ የወጣውን ጠርሙስ እስቲ አሁኑኑ አዙራችሁ አንብቡት። በእንግሊዝኛ «አልፈውስም» ብሎ የጻፈውን ጠርሙስ ነው በአማርኛ «ይፈውሳል» እያሉ የሚሸጡልን! ለማክሳት ይሸጥ የነበረውን ኤፌድራንም አሜሪካ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ። እኛ ያንን መንገድ የምንከተለው መቃብሩንም ለመቅዳት ነው?

«ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» የሚሉም አሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ብላችሁ በየቀኑ የምትውጡት ባዮቲን መጠኑ ሲበዛ የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራን ውጤት ሊያሳስት ይችላል። ነፍሰ ጡር ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ብትወስድ ፅንሱ ላይ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ውፍረት ፈላጊ እህቶቻችን የሚውጡት «ማወፈሪያ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይታሚን እንኳ አይደለም። ዴክሳሜታዞን ከሆነ ስኳር ያስነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይከዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ዳሌ እያሞላ ነው ይባልልን።

ከሁሉም የሚያመን ሻጯ እኩያችን መሆኗ ነው። ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ያጣች ልጅ «ሦስት ሰው አምጪ፣ እነሱም ሦስት ሦስት ያምጡ፣ በስድስት ወር መኪና ትገዣለሽ» ተብላ ነው የገባችበት። የመጀመሪያውን ካርቶን የገዛችው በእናቷ እቁብ ነው። ይህ ዓይነቱን የፒራሚድ ሽያጭ ደግሞ በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ከልክሎታል። ልጅቷን አንጠላትም። እሷም እንደ እናታችን ተሸጦላታል፤ ልዩነቱ ለእሷ የተሸጠላት ተስፋ መሆኑ ነው።

አሁን ፍርድ እንዳናጓድል የነጋዴውንም እንስማ። «ምዝገባው ረጅም ነው፣ ውድ ነው፣ ወረቀቱ አያልቅም» ይላል። እዚህ ላይ ሐሰት አልተናገረም። በተለይ የአገር ውስጡ አምራች አቤቱታ እውነት አለበት። የሽፈራው ቅጠል አድርቃ የምትፈጭ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት የምትጨምቅ አንዲት የባሕር ዳር ሴት የትልቅ ፋብሪካ ሰነድ ከየት ታመጣለች? በሩን ከቆለፍንባት በመስኮት ትገባለች፤ ማለትም በጨለማ ትሸጣለች። ታማኙ ነጋዴም ቢሆን ብሩንና ወራቱን አፍስሶ አስመዝግቦ ሲወጣ ጎረቤቱ ያልተመዘገበውን በግማሽ ዋጋ ሲቸበችብ ያገኘዋል። የሚቀጣው ሕግ ያከበረው ነው ማለት ነው። ግን ከዚህ የሚከተለው «ምዝገባ ይቅር» አይደለም። ድልድዩ ጠበበ ተብሎ በዓባይ ላይ በእግር አይኬድም፤ ድልድዩ ይሰፋል እንጂ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ባለሥልጣኑ የመዘገባቸውን ሰፕሊመንቶች ዝርዝር ማንም ሰው ከስልኩ በአማርኛ ስሙን ጽፎ የሚያገኘው ያድርገው። እናታችን ጠርሙሱን ከመክፈላቸው በፊት ልጃቸው በአንድ ደቂቃ ማጣራት መቻል አለበት።

ለአነስተኛ የአገር ውስጥ አምራች የራሱ በር ይከፈትለት። ጉዳቱ አነስተኛ ለሆነ ምርት ወረቀቱ ይቅለል፣ ምርመራው ግን አይቅር። ዱቄቱ ውስጥ ሻጋታ፣ እርሳስ ወይም የተደበቀ መድኃኒት አለመኖሩን ላቦራቶሪ ይይ፤ የቀረው ይቅለል።

የክልልና የከተማ ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ሲገቡ የንግድ ፈቃዱን ብቻ አይተው አይውጡ፤ መደርደሪያውንም ይዩ። ቴሌግራምና ቲክቶክም መደርደሪያ ናቸው። ነጭ ጋዎን ለብሶ በቀጥታ ሥርጭት «ኩላሊት አጥቢ» የሚሸጥ ሰው ጋዎኑን ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ። ታዋቂ ሰዎችም ያልዋጡትን ለማስዋጥ ገንዘብ ሲቀበሉ አብረው ይጠየቁ።

የሐኪሞችና የፋርማሲ ባለሙያዎች ዝምታም ይብቃ። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ስንቱን ታድን ነበር!

እኛስ? እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ጠርሙሱን ለእናቶቻችን ከውጭ የምናስልከው እኛ ነን። ቪዲዮውን ሼር የምናደርገው እኛ ነን። ጂም ገብተን ስሙን የማናነበውን ዱቄት በውሃ በጥብጠን የምንጠጣውም እኛው ነን። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ጥያቄ እንልመድ፦ ማን አስመጣው? ማን መዘገበው? ምን እፈውሳለሁ ይላል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ ከሌለ፣ ለሦስተኛው ደግሞ መልሱ ከበዛ፣ ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ከዚያም 8482 ደውላችሁ ለባለሥልጣኑ ንገሩ፤ የነፃ መስመር ነው።

እናታችን ወደ ኪኒናቸው ተመልሰዋል። ጠርሙሱ ግማሽ እንደሆነ መደርደሪያችን ላይ አለ። ሱቁም ክፍት ነው፤ ትናንት ማታ በባጃጅ ስናልፍ መብራቱ ቦግ ብሎ አየነው። አንዲት እናት ከልጅቷ ፊት ቆመው በጥሞና ያዳምጣሉ።

ወረድን።