ለምርጥ መምህር የሚጻፍ ጥቆማ

ለዩኒቨርሲቲ የማስተማር ሽልማት የሚቀርብ ጥቆማ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ በዚህ መምህር ምክንያት ተማሪዎቹ ምን አወቁ፣ ምንስ መሥራት ቻሉ? ገምጋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዕጩውን በአካል አያውቁትም፤ ክፍል ገብተውም ሲያስተምር አያዩትም። እጃቸው ላይ ያለው ሰነዱ ነው። ጎበዝ መምህር በደካማ ሰነድ ምክንያት ሲቀር፣ በደሉ በእሱም በተማሪዎቹም ላይ ነው።

በዘርፉ ከሚታወቁት ሽልማቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪታንያ የተጀመረው ብሔራዊ የማስተማር ፌሎውሺፕ ነው። ዕጩዎችን የሚያቀርቡት ዩኒቨርሲቲዎች ሲሆኑ፣ የማመልከቻውን ዋና ክፍል የሚጽፈው ዕጩው ራሱ ነው፤ ተቋሙም የድጋፍ መግለጫ ያያይዛል። መስፈርቶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዕጩው በራሱ ተማሪዎች ላይ ያመጣው ለውጥ ነው። ሁለተኛው ከራሱ ክፍል አልፎ የሥራ ባልደረቦቹን ማገዙ ነው። ሦስተኛው ራሱን በሙያው ማሻሻሉና ይህም ያስገኘው ውጤት ነው። የሌሎች ሽልማቶች ደንብ በዝርዝሩ ቢለያይም፣ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድም በሌላም መልክ ይነሳሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መስፈርቱን ቃል በቃል ማንበብ፣ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ነጥብ ማስረጃ መፈለግ ነው። የትምህርት ዝርዝር (ኮርስ አውትላይን)፣ የበርካታ ዓመታት የፈተና ውጤት፣ እርማት ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ የተሠሩ የቤት ሥራዎች፣ ክፍል ገብቶ የታዘበ ባልደረባ ማስታወሻ፣ የተመራቂዎች ደብዳቤ ሁሉም ይጠቅማሉ። ደብዳቤ ግን ከደብዳቤ ይለያል። «ትጉህ፣ ቅንና ተማሪ ወዳድ ናቸው» የሚል ደብዳቤ ለማንኛውም መምህር ሊጻፍ ይችላል። «የላብራቶሪ ሪፖርቴን ሦስት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱልኝ፤ የስህተትን መጠን መገመት የተማርኩት ያኔ ነው፤ ዛሬ የማሠለጥናቸውን ባለሙያዎች ሪፖርት የማርመውም እንደዚያው ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ምስክርነት ነው።

ማስረጃ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የፊዚክስ መምህሩ የኤሪክ ማዙር ታሪክ ያሳያል። ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በግምገማ ጥሩ ነጥብ ይሰጡት ነበር፤ ከባድ ስሌቶችንም ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ያላቸውን ግንዛቤ የሚለካ፣ ስሌት የማይጠይቅ ፈተና ሰጣቸው። አንድ ተማሪ፣ መልሱን በተማረው መሠረት ይስጥ ወይስ ራሱ እንደሚያስበው፣ ብሎ ጠየቀ። ውጤቱ ሲታይ ብዙዎቹ ቀመሩን እንጂ ሐሳቡን አልያዙትም ነበር። ማዙር አሠራሩን ለወጠ፤ አጭር ጥያቄ ያቀርባል፣ ተማሪዎች መጀመሪያ ለየብቻ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ከጎናቸው ካለው ጋር ተከራክረው እንደገና ይመልሳሉ። በሴሚስተሩ መጀመሪያና መጨረሻ በተሰጠው ፈተና ሲለካ፣ የ1990 ተማሪዎች በቀድሞው አሠራር ሲጀምሩ ከጎደላቸው ዕውቀት የሞሉት ሩብ ያህሉን ነበር፤ የ1991 ተማሪዎች ግን በአዲሱ አሠራር ወደ ግማሽ ተጠጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለማስተማር ሥራው የ500 ሺህ ዶላር የሚኔርቫ ሽልማት ተቀበለ። ለጥቆማ ጸሐፊ እንደ ሁለቱ ዓመታት ውጤት ያለ ንጽጽር ከብዙ ገጽ ውዳሴ ይበልጣል።

የተማሪ ግምገማ ነጥብ በሰነዱ ውስጥ ይግባ፤ ብቻውን ግን አይቁም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በኢንተርኔት በተሰጠ ኮርስ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መምህራን እያንዳንዳቸው አንዱን ቡድን በራሳቸው ስም፣ ሌላውን በባልደረባቸው ስም አስተማሩ። ተማሪዎቹ ወንድ ነው ብለው ላሰቡት መምህር ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። ጥናቱ በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ቢሆንም፣ ነጥቡ ከማስተማር ብቃት ውጭ ያሉ ነገሮችንም ሊሸከም እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ማስረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ጽሑፉ በሦስት ደረጃ ይሄዳል፦ ችግሩ ምን ነበር፣ መምህሩ ምን አደረገ፣ ምን ተለወጠ። ስለ ራስ መናገር እንደ ነውር በሚታይበት ባህል ያደገ ዕጩ «ተደረገ»፣ «ተሻሻለ» እያለ የራሱን ድርሻ ይደብቃል። እዚህ ላይ ማን እንደሠራው በግልጽ መጻፍ ትዕቢት አይደለም፤ ገምጋሚው የሚፈልገው እሱን ነው። በቡድን የተሠራው ደግሞ በቡድን ስም ይጻፍ። በመጨረሻም ከሌላ የትምህርት ክፍል የመጣ ሰው ሰነዱን ያንብበው፤ እሱ ያልገባው አንቀጽ ገምጋሚውንም ያደናግራል።

ብዙ ጥቆማ የሚበላሸው ግን በአጻጻፍ ሳይሆን በመዘግየት ነው። የማዙር ንጽጽር የተገኘው በሴሚስተሩ መጀመሪያ የተሰጠው ፈተና ስለተቀመጠ ነው፤ የመጀመሪያው ከሌለ የመጨረሻው ውጤት ምንም አይናገርም። የታረመው ወረቀት ከተጣለ፣ ተመራቂውም ከተበተነ በኋላ ማስረጃ ፍለጋ መሮጥ ድካም ብቻ ነው። ሊሸለም የሚገባው መምህር ያለበት የትምህርት ክፍል ማስታወቂያው እስኪወጣ አይጠብቅ፤ ፋይሉን በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ይክፈትለት።