ማሽኑ ጉድጓዱን ይውሰድ፣ እንጀራውን ግን ይተው



ውድ እህት ወንድሞች! በግቢያችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማንን ሥራ ይቀማል ተብሎ ሲከራከሩ የሚነሱት የሒሳብ ሠራተኛው፣ ተርጓሚውና ኮድ ጻፊው ናቸው። ሽንት ቤት የሚያጸዳውን ሰው የሚያነሳው የለም። ዛሬ እሱን እናንሳ።

ከባኮ አልፎ ነቀምቴ ሳይደረስ የምትገኘውን ሲሬን እናስብ። እንደ ሲሬ ባሉ ከተሞች ፍሳሹ የሚጠራቀመው በየግቢው ጉድጓድ ነው። ሲሞላ ወይ ሌላ ይቆፈራል፣ ወይ መጣጭ መኪና ይጠራል። የመኪናው ቱቦ ካልደረሰ፣ ወይም ዝቃጩ ደርቆ ጨርቅና ፌስታል ከተቀላቀለበት፣ ባልዲና አካፋ የያዘ ሰው ይወርዳል። እታች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። ሲያንስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰውየው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም አብሮት ሊቀር ይችላል።

በህንድ ኬረላ ግዛት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባንዲኩት የሚባል ሮቦት ማንሆል ውስጥ እየወረደ ቆሻሻ ያወጣል። ሰው ከላይ ሆኖ በስክሪን እያየ ይመራዋል። ቀድሞ ራሳቸው ይወርዱ ከነበሩት ሠራተኞች መካከል ሮቦቱን ለማንቀሳቀስ የሠለጠኑ አሉ። እንጀራቸው አልተቋረጠም፤ የቀረላቸው ሞቱ ነው።

“ማሽን ከመጣ የቀን ሠራተኛው ምን ይበላል?” የሚል ስጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑ አለመምጣቱ ነው። ህንድ ሰው እንዳይወርድ የሚከለክል ሕግ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ብታወጣም ሞቱ አልቆመም፤ የድሃ ጉልበት ከማሽን ይረክሳልና። እኛም ዘንድ ሒሳቡ ያው ነው።

ደግሞም ለሲሬ የግድ ሮቦት አያስፈልጋትም። በዳሬሰላም ጠባብ ሰፈሮች መኪና በማይገባበት ቦታ ጋልፐር በሚባል የእጅ ፓምፕ ዝቃጩን ከላይ ሆነው ይስባሉ። እንዲህ ያለውን ፓምፕ የምህንድስና ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሊሠሩት ይችላሉ። የከተማ አስተዳደሮችም ለመጣጭ መኪና ፈቃድ ሲሰጡ፣ እስከ ዛሬ በአካፋ የሠሩት ሰዎች ቀድመው ሠልጥነው በፓምፕና በመኪናው ላይ እንዲቀጠሩ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጡ። አለበለዚያ ማሽኑ የባለ ገንዘብ ይሆናል፤ ጉድጓድ የወረደው ሰው ደግሞ ከበር ውጭ ይቀራል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጉድጓዱን የሚያስወጣው ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ማለትም የእኛው አባትና እናት፣ የእኛው አከራይ። እንግዲያው ከቤታችን እንጀምር፤ ማንም ሰው እንዲወርድ አንክፈል።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ትጠርግ የነበረችውን ሴት ባጧት ጊዜ የት እንዳለች ጠየቁ። መሞቷን ሲሰሙ ለምን እንዳልተነገራቸው ጠይቀው መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰገዱባት። እኛ ግን የሚያጸዳልንን ሰው እስኪሞት አንጠብቅ፤ በሕይወት ሳለ እንጠይቀው።