ግሽበት ቀነሰ ይሉናል፤ የጋይንት ጎተራ ግን ሌላ ይናገራል

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ስለ መሶብ እናውራ። ነፋስ መውጫም ሁን አርብ ገበያ፣ ወገዳም ሁኚ መካነ ኢየሱስ፣ ወይም ከዚያ ወጥታችሁ ባህር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ዓረብ ሀገር ኑሩ፤ ጉዳዩ የቤታችሁ ነው።

በየሚዲያው «የዋጋ ግሽበት እየቀነሰ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ቁጥሩ ውሸት ነው ብለን አንጀምርም። በመንግሥት አኃዝ በ2017 ዓ.ም. የመጨረሻ ወራት ግሽበቱ ከ13 እስከ 14 በመቶ አካባቢ ነበር፤ ከቀደሙት ዓመታት ያንሳል። ግን እናትህ ከገበያ ስትመለስ «ቀነሰ» አላለችህም አይደል? እሷም አልዋሸችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። ጉናን ስትወጣ እርምጃህን ብታዘገይ ወረድክ አይባልም፤ አሁንም ሽቅብ ነህ። እስቲ እናስላው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የዓመቱ አማካይ ግሽበት 30 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር፤ በ2024 ደግሞ ወደ 20 በመቶ። በ1,000 ብር ትገዛው የነበረው አስቤዛ መጀመሪያ 1,300፣ ቀጥሎ 1,690፣ ከዚያ ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ «13 በመቶ ብቻ ነው» ሲሉህ በዚያ 2,000 ላይ ሌላ 260 ብር ጨምር ማለታቸው ነበር። በድሮው 1,000 ብር ብትለካው እኮ 26 በመቶ ነው! በመቶኛው ትንሽ ቢመስልም ከኪስህ የሚወጣው ብር ብዙ ነው።

ሁለተኛው የሚያናድደው ወሬ ደግሞ «እህል ሲወደድ ገበሬው ይጠቀማል» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ስማዳን አያውቃትም። ሰፊ መሬት ያለውና ትርፍ የሚያመርተው ይጠቀም ይሆናል። የእኛ አባት ግን መሬቱ ጠባብ፣ ተዳፋት፣ አፈሩ የታጠበ ነው። በታህሳስና በጥር እህሉ በረከሰ ጊዜ ይሸጣል፤ ምክንያቱም የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ የልጅ ደብተር አለበት። ሰኔ ሲገባ ጎተራው ይጎድላል። በሐምሌና በነሐሴ ያንኑ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። በርካሽ ሸጦ በውድ የሚገዛ ሰው ዋጋ ሲጨምር አይጠቀምም፤ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በጉና ግርጌ ድንችና ገብስ የሚያመርተውም ሆነ በበሽሎ በኩል በቆላው ማሽላ የሚዘራው ዘይቱን፣ ጨዉን፣ ሳሙናውን፣ ማዳበሪያውን የሚገዛው ከገበያ ነው።

እነዚህ ዕቃዎች ለምን ተወደዱ? አንዱ ምክንያት ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ ከውጭ ይገባል፣ ነዳጅ ከውጭ ይገባል፣ የምግብ ዘይትም አብዛኛው እንዲሁ። ወገዳ ላይ ዶላር አይቶ የማያውቅ ሽማግሌ የዶላርን ዋጋ በዘይት ጀሪካን ይከፍላል ማለት ነው።

ሌላው ነዳጅ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. 91 ብር ከ14 ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታህሳስ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ገባ። ዕቃችን ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ነው ነፋስ መውጫ የሚደርሰው። ወደ ስማዳና ታች ጋይንት ደግሞ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዋጋ ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ደፍረን የምንናገረው ነገር አለ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ማንም ይዝጋው ማን፣ ሂሳቡን የምትከፍለው እናታችን ናት። የጭነት መኪና ሦስት ቀን ሲቆም ጨው ይወደዳል፣ መድኃኒት ይጠፋል፣ የገበሬው ድንች ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ኬላ ላይ የሚጠየቀው «ክፍያ» ሁሉ ዕቃው ላይ ተደምሮ ይመጣል። ለሕዝብ እንቆማለን የሚል ሁሉ፣ መንግሥትም ሆነ ሌላው፣ መጀመሪያ የሕዝቡን እህልና ዕቃ ያሳልፍ።

ደመወዝተኛውስ? ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ይላል ተባለ። ጥሩ ነው። ግን በአዲሱ የገቢ ግብር ስሌት 2,100 ብር ግብር፣ 805 ብር ጡረታ ሲቀነስ እጅህ ላይ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ትራንስፖርት ቀንስ። ዋጋውን እኛ አንጽፍልህም፤ ያንተን ከተማ ዋጋ አንተ ታውቀዋለህ። ከዚያ ለገጠር ቤተሰብህ የምትልከው ስንት እንደሚቀር ንገረን። በቀን ሥራ የሚያድረው ወንድማችን ደግሞ ይቺም ማሻሻያ አልደረሰችውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ሴፍቲኔት ላይ ያለው ወገናችን ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ አሉበት። ያኔ የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ የታሰበውም በ6 ብር ሦስት ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ ብሩ ያንን መግዛት አቃተው። ሰው «ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን» አለ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የድሃ ክፍያ ከእህል ዋጋ ጋር አብሮ ካልሄደ እርዳታው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ዛሬም ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ነጋዴው ነው፣ እሰረው» የሚል መፍትሔ ቀላል ይመስላል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዘይትና ስኳር ከሱቅ ጠፋ፣ ሰልፍ በዛ፤ በወራት ውስጥ አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ። ደባቂና አጭበርባሪ ነጋዴ በሕግ ይጠየቅ፤ ግን ዘሩን፣ ሃይማኖቱን እያየህ በነጋዴ ላይ ጣት አትቀስር። ሱቁ ሲዘጋ የምትራበው አንተ ነህ።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ይህ ነው፤ ማዳበሪያ ዝናብ ሳይጥል ይድረስ፣ ዋጋውም በየቀበሌው በግልጽ ይለጠፍ፤ ደላላ መሃል አይግባ። የሴፍቲኔት ክፍያ በየዓመቱ ከአካባቢው የእህል ዋጋ ጋር ይስተካከል። የገበሬ ዩኒየኖች በጥር እህል ገዝተው አከማችተው በሐምሌ ለዚያው ገበሬ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጡበት ገንዘብ ይመደብላቸው።

ከራሳችን የምንጠብቀውም አለ። ከተማ ያለኸው ልጅ፣ ለቤተሰብህ የምትልከውን ብር በነሐሴ ሳይሆን በጥር ላክ፤ እህሉ እንዳይሸጥ ታደርጋለህ። ያው ብር በጥር ብዙ ቁና ነው። አምስት ስድስት ሆናችሁ የእህል እቁብ ጀምሩ፣ በጅምላ ግዙ። የቤቲንግ ቤት የሚበላህን ብር ቁጠረው፤ በወር ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሆነ ስታየው ትደነግጣለህ። ለሠርግና ለተዝካር ዕዳ መግባትንም ሽማግሌዎቻችን ይምከሩበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አንድ ሥራ ደግሞ ዛሬውኑ እንጀምር። በገበያ ቀን የጤፍ፣ የገብስ፣ የማሽላ፣ የዘይትና የጨው ዋጋ ከየከተማችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ። በየሳምንቱ አጠናቅረን እንለጥፈዋለን። የገጠር አባት ዋጋውን አስቀድሞ ካወቀ ደላላ አያታልለውም። ባለሥልጣኑም «ቀነሰ» ሲለን በቁጥር እንመልስለታለን።

ያነበብከው ለሌላው ሼር አድርግ፤ ስልክ ለሌላቸው አባትና እናትህ ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብብላቸው።