የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ሐረር ደርሳ መጣች። ስልኳን አቀበለችኝና «ጋሼ፣ እስቲ እየው!» አለች። አየሁ። አረንጓዴ ግድግዳ ተደግፋለች። ሐምራዊው ሥር ተቀምጣለች። ቢጫው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ዞር ብላ ትስቃለች። ማታ ደግሞ በእንጨት ሥጋ ይዛ ጅብ ታበላለች። «ሸሪፍ ሙዚየምስ?» ስላት፣ «እሱ ደግሞ የቱ ነው?» «ራስ ተፈሪ ቤትስ?» «በዚያ በኩል ያለፍን አልመሰለኝም።» አልፋለች። ጀጎል ውስጥ ስትዞር ውላ ያንን ሰገነት ያለው ቤት ማለፍ አይቀርላትም። አላየችውም እንጂ።

ተናደድኩ። አምስት ጥንታዊ በሮች፣ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች (የቅዱሳን መካናት) ይዛ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ለፎቶ ማንሻ ብቻ ትሁን? አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ከተማዋን ከጠላት ለመጠበቅ ነበር፤ ከፎቶ አንሺ ግን የሚጠብቃት አልተገኘም።

ልጅቷን ብቻ ብወቅስ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። እንዲያውም ለግድግዳዎቹ እከራከርላቸዋለሁ። ለረመዳን ወይም ለሰርግ ቤቱን የሚቀባ ሐረሪ የሠዓሊ ስም የለውም፣ ኤግዚቢሽን አይከፍትም፣ ግን ከመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ጀምሮ እስከ ጊድር መጋላ ድረስ መንገዱን ሁሉ ያለ ክፍያ የሥዕል አዳራሽ ያደረገው እሱ ነው። ለማየት ቲኬት አይቆረጥም፣ በምሳ ሰዓት አይዘጋም። ወጣቱ እዚያ የሚያዘወትረው ወዶ አይደለም እንዴ?

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከሙዚየም በር ጠባቂዎች ጋር የቆየ ጠብ እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ይኸው ደግሞ ተነሣብኝ። እዚያው ሐረር ውስጥ አንድ ሙዚየም (ስሙን እተወዋለሁ) ደጃፍ ስደርስ ጠባቂው ገና ከሩቅ «ተዘግቷል» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፈረንጆች ከአስጎብኚያቸው ጋር ብቅ ሲሉ ቁልፉ ከኪስ ወጣ። እኔም በፈረንጆቹ ጥላ ተከልዬ ገባሁ። ከኋላዬ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሹልክ አሉ። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ስፌቶች ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ነበረች። እናቲቱ «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ። «የሐረሪ ባህላዊ ስፌት» ይላል አልኳቸው። «ይኸው ብቻ?» ብለው ሳቁ። ከዚያማ የትኛው ለሰርግ እንደሚወጣ፣ የትኛው ቤት ለማስጌጥ እንደሚሰቀል፣ የቱ ስንት ወር ዓይን እንደሚያደክም እየነኩ ለልጁ አስረዱት። ጠባቂው «አይነካም!» እስኪላቸው ድረስ ሐረር ውስጥ ከሰማሁት የሙዚየም ገለጻ ሁሉ የሚበልጠው የእሳቸው ነበር። ስፌት ሲሰፉ ለኖሩት ሴት ስለ ስፌት በማያነቡት ቋንቋ መጻፍ! የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ማለት ይሄ ነው።

ራምቦ ቤትን ውሰዱት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ቡናና ቆዳ ነገደ፣ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ፣ እግሩ ታምሞ በቃሬዛ ከከተማዋ ወጣ፣ በ1891 በ37 ዓመቱ ማርሴይ ውስጥ ሞተ። ሐረር ሲደርስ ግጥም መጻፍ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ከሐረር ወደ ቤተሰቡ የላከው ደብዳቤ አብዛኛው ምሬትና ሒሳብ ነው። በስሙ የሚጠራው ያ ውብ የእንጨት ሕንጻም ሕንዳዊ ነጋዴ የሠራው ሲሆን፣ ራምቦ እንደኖረበት እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። እኔ ቤቱን አልጠላውም፤ ጣሪያው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ለማየት ደጋግሜ ሄጃለሁ። ግን ግጥም ላልጻፈባት ሰው ይህን ያህል ቤት የሰጠች ከተማ በራሷ ቋንቋ ለገጠሙት የገዛ ልጆቿ ስንት ክፍል ሰጠች?

መልሱ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ የሠራው ግን መንግሥት አልነበረም። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ደርግ በወደቀበት ዘመን አካባቢ ሰው የሚጥለውንና የሚሸጠውን እየለቀሙ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ማከማቸት ጀመሩ። በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የሐረር አሚሮች ያስመቱት ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ ጌጣጌጥ፣ የድሮ ዜማ የተቀዳባቸው ካሴቶች። የተቀደደውን መጽሐፍ ለመጠገን የድሮውን የሐረር መጽሐፍ አደጋገዝ ራሳቸው ተማሩ። ቤታቸው ሲጠባቸው ክልሉ ራስ ተፈሪ ቤትን ሰጣቸው፤ ሸሪፍ ሙዚየም የምንለው ይኸው ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ተፈሪ መኮንን (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) የኖሩበት የሐረሩ ቤት ዛሬ የሐረሪዎች ዕቃ ቤት ነው፤ ስድስት ኪሎ የነበረው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሆኖ የሕዝቡን ዕቃ ይዟል። ንጉሡ በሁለቱም ቦታ ለሕዝቡ ቤት ለቀዋል ማለት ነው።

«ወጣቱ ሙዚየም አይወድም» የሚሉ አሉ። እነሱን ብዙ አልከራከርም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲከፈት እነማን ተጋፍተው ገቡ?

ነገር ነገርን ያነሣዋልና፣ ስለ ሐረር ሐውልት ሳልናገር ባልፍ አይቀለኝም። ፈረስ መጋላ ላይ በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁ ሐረሪዎች የቆመ መታሰቢያ አለ። ጦርነቱ በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ በምኒልክ የተሸነፉበት ነው። ከግንቡ ውጭ ደግሞ ከዚያ ድል በኋላ ሐረርን እንዲገዙ የተሾሙት ራስ መኮንን፣ አፈወርቅ ተክሌ በሠሩላቸው ፈረስ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ የአንዱ መልስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በተነሣው ሁከት የፈረሰኛው ሐውልት ወደቀ። በዕለቱ ከደስታና ከቁጣ በቀር ሌላ ነገር አልተሰማም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሐውልት በገመድ ተጎትቶ መውደቁ የማንንም በደል አይሽርም፤ ሐውልት ቆሞ መኖሩም የማንንም በደል አይሸፍንም። ጨለንቆ ላይ ቅድመ አያቱ የሞተበትም፣ የዓድዋ ዘማቹን ራስ መኮንንን የሚያከብረውም የሐረር ሰው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የሚከራከሩበት አንድ ክፍል ቢኖር ኖሮ ክርክሩ በገመድ አይደረግም ነበር። ሙዚየም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስፌት መስቀልና ጎራዴ መደርደር የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። በዩኔስኮ የሰላም ከተማ ተብላ የተሸለመችው ሐረር ይህን ክፍል ካልከፈተች የትኛዋ ከተማ ትክፈተው?

ስለዚህ ለሐረር ሹማምንት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መግለጫውን መጀመሪያ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ጻፉ፤ እንግሊዝኛው ተራውን ይጠብቅ። የከተማው ተማሪ ያለ ደብዳቤና ያለ ቲኬት ይግባ። ስፌት የሚሰፉትን እናቶች ደመወዝ ከፍላችሁ ገላጭ አድርጓቸው። ስለወደቀውም ስለቆመውም ሐውልት ማን እንዳቆመው፣ ማን እንዳፈረሰው፣ ለምን እንደሆነ የሚናገር አንድ ክፍል ክፈቱ።

እናንተም ሐረር የምትወርዱ፣ ግድግዳው ሥር ፎቷችሁን ተነሡ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግን በሩ ተዘግቷል ከተባላችሁ አትመለሱ። አንኳኩ።