ኡሁሩ ፓርክ፦ ከፎቅ የተረፈው የናይሮቢ ሜዳ

ከናይሮቢ መሀል ከተማ ወጥቶ የኡሁሩን አውራ ጎዳና የተሻገረ እንግዳ፣ የመኪናው ጫጫታ ገና ከጆሮው ሳይጠፋ ራሱን በሣር ሜዳ፣ በዛፍ ጥላና በሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ያገኘዋል። "ኡሁሩ" በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ ፓርኩን ለሕዝብ የከፈቱት እአአ በ1969 ነበር። ቦታው እስከ ዛሬ ሜዳ ሆኖ የቆየው ግን በአጋጣሚ አይደለም።

እአአ በ1989 ከገዥው ፓርቲ ካኑ ጋር የተቆራኘ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅት፣ 60 ፎቅ ያለው ሕንጻ ከፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ሐውልት ጋር በፓርኩ ውስጥ ሊያቆም ተነሣ። ኋላ እአአ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ለባለሥልጣናትና ለውጭ ዲፕሎማቶች ደብዳቤ እየጻፉ ተቃወሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ለንደን ሃይድ ፓርክን ለእንዲህ ያለ ሕንጻ አሳልፋ ትሰጣለች ወይ? በፓርላማ ተዘለፉ፤ ድርጅታቸውም ቢሮውን እንዲለቅ ተደረገ። የውጭ ገንዘብ አቅራቢዎች ሲያፈገፍጉ ግን ዕቅዱ ቀረ።

እአአ በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች የረኃብ አድማ የመቱት በዚሁ ፓርክ አንድ ጥግ ነው። ፖሊስ በኃይል በተናቸው፤ ጥጉ ግን "የነጻነት ማዕዘን" የሚለውን ስም ይዞ ቀረ።

የከተማ መናፈሻ ዘወትር ለአደጋ የሚጋለጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሕንጻው ትርፍ ወደ ጥቂቶች ኪስ ይገባል፤ የጥላው ጥቅም ግን ለብዙ ሺህ ሰዎች ይበታተናል። ጥቂቶቹ ፈጥነው ይደራጃሉ፤ ብዙኃኑ ጉዳታቸውን የሚያውቁት አጥሩ ከቆመ በኋላ ነው። በግቢው አትክልት ያለው ሰው መናፈሻ ቢጠፋ ብዙም አይጎዳም፤ በአንዲት ክፍል ከነቤተሰቡ የሚኖረው ግን ሌላ ደጅ የለውም። እአአ በ2019 የፈጣን መንገድ ዕቅድ ከኡሁሩ ፓርክ መሬት ሊቆርስ ሲል ተቃውሞው ዳግም ተነሣ፤ መንግሥትም ዕቅዱን እንደሚያሻሽል አስታወቀ።

በአዲስ አበባም በዚያው ዓመት በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፍቷል፤ መግቢያው ግን በክፍያ ነው። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ መናፈሻው መኖሩ ብቻ ሳይሆን በሩ ለማን እንደሚከፈት ነው።

የኬንያ አዲስ ሕገ መንግሥት እአአ ነሐሴ 2010 የታወጀው በኡሁሩ ፓርክ ነበር። አንቀጽ 42 ለእያንዳንዱ ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። መብቱ በወረቀት ከመስፈሩ ከሃያ ዓመት በፊት ግን ያንኑ ሜዳ ያዳነው የደብዳቤ ክምርና የአንዲት ሴት ጽናት ነው።